ላብ እንዴት ልግባ? ለባዮሎጂ ተማሪ ከአራት ኪሎ የተጻፈ መመሪያ

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ያው ጥያቄ ይመጣል። አንዳንዱ ደረጃ ላይ ያስቆመኛል፣ አንዳንዱ በቴሌግራም ይጽፋል፣ አንዷ ደግሞ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ካፌ ውስጥ አግኝታኛለች። «ሦስተኛ ዓመት ባዮሎጂ ነኝ። ምርምር ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ለእያንዳንዱ ሰው ከመደጋገም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው እንግባባ። የላብ ኃላፊ የሚፈራው አለማወቃችሁን አይደለም፤ ማባከናችሁን ነው። አብዛኛው ሪኤጀንት (ለሙከራ የሚውል ኬሚካል) ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው። አንዲት ብልቃጥ ኢንዛይም ታዝዛ፣ ጉምሩክ አልፋ እስክትደርስ ወራት ልትፈጅ ትችላለች። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፦ ላቡ ውስጥ ያሉ ሰዎች «ይሄ ልጅ ዕቃ አያበላሽም» እንዲሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር። በሽቦ የተያያዘ አይሁን፤ ገጹ ይገነጠላል።
• ተራ እስክሪብቶ። ጄል እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ገጹን ሊያጨማልቅ ይችላል።
• ቀጭን ጫፍ ያለው ፐርማነንት ማርከር፣ ሁለት። አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠፋል፣ አትገረሙ።
• እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ ነጭ የጥጥ ጋውን። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።
• እግርን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ።
• ፀጉር ማሰሪያ፣ ፀጉራችሁ ረጅም ከሆነ።
• ታይመር ወይም የእጅ ሰዓት። ስልክ በጓንት እየነካችሁ ሰዓት አትዩ፤ ያ ስልክ ማታ ፊታችሁ ላይ ነው።
• ስማችሁ ያለበት ኢሜይልና የታደሰ መታወቂያ።

ደረጃ 1፦ የምትችሉት ርቀት ላይ ያለ ላብ ምረጡ

«ምርምር» ሰፊ ነው። ባክቴሪያ? ተክል? ነፍሳት? ጥገኛ ተውሳክ? ከኮርሶቻችሁ ውስጥ ፈተና ባይኖረውም የምታነቡት የቱ ነው? እሱን ያዙ።

ከዚያ ካርታ ላይ ተመልከቱ። አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ አለ፤ ብሔራዊ ሄርባሪየሙም እዚያው ነው፣ ስለዚህ ተክል ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ቦታ የለም። ወደ ጥቁር አንበሳ ከወረዳችሁ የጤና ሳይንስ ኮሌጁን ታገኛላችሁ። ሰፈረ ሰላም ደግሞ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ባሳዩት ሳይንቲስት ስም የተሰየመ ነው። ከመሀል ከተማ ወጣ ሲባል፣ አለርት ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ጉለሌ በኩል የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አሉ።

ርቀቱን የማነሳው በምክንያት ነው። ባክቴሪያ የክፍል ፕሮግራማችሁን አያውቅም። ዛሬ ከሰዓት የዘራችሁትን ነገ በሰዓቱ ማየት አለባችሁ፣ ቅዳሜም ቢሆን። ታክሲ ሁለት ጊዜ የምትቀይሩበት ላብ በሦስተኛው ሳምንት ያሰለቻል። በእግር የሚደረስበትን አስቀድሙ።

ደረጃ 2፦ ከማመልከታችሁ በፊት ሦስት ነገር አንብቡ

የላቡን ኃላፊ የቅርብ ጽሑፍ አንድ። እሳቸው ያማከሩት የማስተርስ ቲሲስ አንድ። በዘርፉ በሌላ ቡድን የተሠራ ጽሑፍ አንድ። ከሦስቱ በጣም የሚጠቅማችሁ ቲሲሱ ነው። ጆርናል ላይ በሁለት መስመር የሚታለፈው ዘዴ ቲሲስ ላይ በሦስት ገጽ ይዘረዘራል፤ የትኛው ማሽን እዚያ ላብ ውስጥ እንዳለም ታውቃላችሁ። ቲሲስ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የሚከፈልበት ጆርናል ሲያጋጥማችሁ ከኪሳችሁ አትክፈሉ። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ «ሂናሪ እንዴት ነው የምገባው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚከፈልባቸውን የጤናና የሕይወት ሳይንስ ጆርናሎች በተቋም በኩል የሚያስነብብ ድረ ገጽ ነው።

ስታነቡ አንድ ገጽ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ በምን ዘዴ ተሠራ፣ ምን መሣሪያ ፈለገ፣ ያልገባኝ ምንድን ነው። አራተኛዋን መስመር አትዝለሏት። ደረጃ 5 ላይ የምትሠራላችሁ እሷ ናት።

ደረጃ 3፦ ክትባቱን አሁን ጀምሩ

የደም ወይም የሕመምተኛ ናሙና ያለበት ላብ ከሆነ የሄፐታይተስ ቢ ክትባት ያስፈልጋችኋል። ሦስት ዙር ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። አያችሁት? ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ብትጀምሩ ግማሽ ዓመት ይባክናል። ካርዱን አትጣሉ፤ ይጠየቃል።

ደረጃ 4፦ ከፕሮፌሰሩ በፊት ተማሪዎቻቸውን አግኙ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በቀጥታ ቢሮ አንኳኩቶ «ላብ ውስጥ ልሥራ» ይላል። መምህሩ ግን ቤንች ላይ የሚውሉት አልፎ አልፎ ነው። ከእናንተ ጋር የምትውለው የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ተማሪዋ ናት። እጅ የሚያጥራትም እሷ ነች፤ 60 ናሙና ይዛ ብቻዋን ትቀመጣለች።

ሴሚናር ላይ ተገኙ። የቲሲስ መከላከያ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ግቡና ከኋላ ተቀመጡ። ሲያልቅ ቀርባችሁ ስለ ሥራዋ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ከዚያ «አንድ ቀን መጥቼ ስትሠሪ ማየት እችላለሁ?» በሉ። ማየት ብቻ። ይህ ጥያቄ ምንም ስለማያስወጣት እሺ ለማለት አይከብዳትም።

ቴክኒሻኑን አትርሱ። ከ20 ዓመት በላይ አንድ ክፍል ውስጥ የሠሩ ሰው የትኛው ፒፔት (ፈሳሽ መለኪያና መቅጃ) እንደሚዋሽ፣ የትኛው ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ ማሳደጊያ ሣጥን) ከልክ በላይ እንደሚያሞቅ ያውቃሉ። ጋሼ ወይም እትዬ ብላችሁ በክብር ቅረቡ። እሳቸው «ይግባ» ካሉ ግማሹ አልቋል። ካኮረፉ ግን የዲኑ ፊርማም አያድናችሁም።

ደረጃ 5፦ ኢሜይሉን ጻፉ

አጭር ይሁን፤ ስልክ ላይ ሳይጎትቱ የሚነበብ። በእንግሊዝኛ መላካችሁ አይቀርም፣ ይዘቱ ግን እንዲህ ነው፦

«ክቡር ዶክተር፣ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስለ ወንዝ ውሃ ብክለት ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። አንዳንዶቹ ናሙናዎች በ37 ሳይሆን በ44 ዲግሪ ለምን እንደቆዩ ግን በደንብ አልገባኝም። ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት፣ እንዲሁም ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ። ለሦስት ወር ዕቃ በማጠብና ሚዲያ በማዘጋጀት ማገዝ እፈልጋለሁ። 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ ቢሮዎ እመጣለሁ።»

(ሚዲያ ማለት ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ ነው።) ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አንብባችኋል። ጊዜያችሁን ቆጥራችኋል። የጠየቃችሁት ትንሽ ነው። «ለምርምር ያለኝ ጥልቅ ፍቅር» የሚል ዓረፍተ ነገር የለም፤ እሱን ሁሉም ይጽፈዋል።

ትራንስክሪፕታችሁን አያይዙ፣ ግሬዱ ባያምርም። አንድ ሲ ያለበት ትራንስክሪፕት ማንንም አያስባርርም። መደበቅ ግን ጥርጣሬ ያመጣል።

የተለመዱ ስህተቶች፦ ያንኑ ደብዳቤ ስም ሳይቀይሩ ለ20 መምህር መላክ፤ ምሳ አብረው ነው የሚበሉት፣ ይነቃባችኋል። ሴት መምህርን «ሰር» ብሎ መጻፍ። ዶክተርን ያለ ማዕረግ መጥራት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ሰላም ነው?» ብሎ መልስ መጠበቅ።

አሥር ቀን ዝም ካሉ አንድ ጊዜ አስታውሱ። አሁንም ዝም ካሉ በአካል ሂዱ። እኛ ሀገር ኢሜይል ያልከፈተውን በር ሰላምታ ይከፍተዋል።

ደረጃ 6፦ የትብብር ደብዳቤ

ላቡ ከራሳችሁ ዲፓርትመንት ውጭ ከሆነ ይህን ትጠየቃላችሁ። ዲፓርትመንታችሁ ይጽፋል፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማህተም ያኖርበታል። ሁለት ኮፒ አስቀሩ፤ አንዱ ለላቡ፣ አንዱ በር ላይ ለጥበቃ። ደብዳቤው ላይ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ይኑር። ቀን የሌለው ደብዳቤ አዲስ የጥበቃ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ያስመልሳችኋል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ወር፣ አምስት ነገር ብቻ

ወሩን ሙሉ ምንም «ግኝት» አትጠብቁ። እነዚህን አምስት ከቻላችሁ ሰው ይፈልጋችኋል።

ሀ) ማጠብ። ሳሙና የቀረበት ብርጭቆ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ከዚያ ሰው «ሚዲያው ተበላሸ» ብሎ አዲስ ዱቄት ይከፍታል። በቧንቧ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ መጨረሻ ላይ በዲስቲልድ ውሃ። የቧንቧው ውሃ ማዕድን ይተዋልና።

ለ) ፒፔት መያዝ። በውሃና በሚዛን ተለማመዱ። 1,000 ማይክሮሊትር ውሃ ወደ አንድ ግራም ይመዝናል። አሥር ጊዜ ቅዱና መዝኑ። ሁሉም ከ0.99 እስከ 1.01 ግራም ውስጥ ካረፉ እጃችሁ ደህና ነው። ከተበታተኑ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ስትቀዱ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ተጭናችኋል፣ አውራ ጣታችሁን ቶሎ ለቃችኋል፣ ወይም ፒፔቱን አጋድማችሁ ይዛችኋል። ቁጥሩን ከተጻፈው ገደብ በላይ አታዙሩት። ፈሳሽ ያለበትን ፒፔት ጠረጴዛ ላይ አታስተኙት፤ ወደ ውስጥ ይገባና ያዝገዋል።

ውሃ በነፃ ነው። በኢንዛይም ላይ እየተለማመደ ያለ ጀማሪ አይቼ አውቃለሁ። እኔው ነበርኩ። በዚያ ቀን የላቡ ሰዎች ምንም አላሉኝም፤ ዝም ማለታቸው ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው።

ሐ) አውቶክሌቭ፣ ማለትም በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን። ብዙ መጽሐፍ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ያ ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የውጪው አየር ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ግፊት መለኪያው ያንኑ 15 ሲያሳይ ውስጡ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ መለኪያው ወደ 19 መጠጋት አለበት። አዳዲሶቹ አውቶክሌቮች ሙቀቱን ራሱን ስለሚለኩ ችግር የለም። እንደ ግፊት ድስት የሚሠሩት ግን ያታልላሉ። ቴርሞሜትር ካለ እሱን እመኑ። ድስቱ የማይችለውን ግፊት አታስገድዱት፤ ጊዜውን ስለማራዘም ቴክኒሻኑን ጠይቁ። ቀለም የሚቀይረው ቴፕ «ሞቋል» እንጂ «ጸድቷል» አይልም።

በዚሁ ምክንያት እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «100 ዲግሪ ላይ አሥር ደቂቃ ቀቅሉ» የሚል ፕሮቶኮል ካያችሁ የፈላ ውሃ አይበቃም፤ ሂት ብሎክ (ቱቦ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ብረት) ተጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጠርሙስ ክዳን አላልታችሁ አስገቡ፣ ጠርሙሱን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉ። መለኪያው ዜሮ ሳይደርስ ክዳኑን አትክፈቱ። የፈላ አጋር (ሚዲያውን የሚያረጋው ነገር) ፊት ላይ ሲፈናጠቅ እንደ ገንፎ ይጣበቃል።

መ) ሰባ በመቶ አልኮል። ንጹሕ አልኮል ይበልጥ ይገድላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃ ያስፈልጋል፣ ንጹሑ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ከ96 በመቶው 73 ሚሊ ሊትር ቅዱ፣ በዲስቲልድ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉት። ጠረጴዛው ሳይደርቅ እሳት አትለኩሱ። ነጠላ ወይም ሻርፕ ካደረጋችሁ አውልቃችሁ ስቀሉ፤ ጥለት እሳት ሲይዝ ቀድሞ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

ሠ) ሴንትሪፊዩጅ (ቱቦ በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) ማመጣጠን። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ቱቦዎች ክብደታቸው እኩል ይሁን። በዓይን ሳይሆን በሚዛን። ሲንቀጠቀጥ ከሰማችሁ የማቆሚያ ቁልፉን ተጫኑ፣ ክዳኑን ግን ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አትንኩ።

አንድም ያልተነገራችሁን ኬሚካል አትንኩ። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ዲኤንኤ ጄል ላይ እንዲታይ የሚያደርገው ቀለም፣ ኢቲዲየም ብሮማይድ፣ ያለበት ጥግ ለብቻው ነው፤ ዲኤንኤ ውስጥ ይሰነቀራልና እዚያ በነካችሁበት ጓንት የበር እጀታ አትያዙ።

ደረጃ 8፦ ደብተር አያያዝ

ገጾቹን ቁጠሩና ቁጥር ስጡ። በየቀኑ፦ ቀን፣ ዓላማ፣ ያደረግሁት፣ ያየሁት፣ የተበላሸው። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙት፤ አትፋቁት፣ ገጽ አትቅደዱ። ለምን? ከስድስት ወር በኋላ ውጤቱ ሲጠፋባችሁ መልሱ ያለው የተሰረዘው ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ የእኛው ጣጣ። ቀንና ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር ነው የምትጽፉት? እኔ አንድ ጊዜ ፔትሪ ዲሾች ላይ «3:00» ብዬ ጻፍኩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቴ ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ በፈረንጅ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ገባ ብላ አነበበችው። 24 ሰዓት ላይ መቆጠር የነበረባቸው 30 ሰዓት ቆዩ። ኮሎኒው (የባክቴሪያው ክምር) ተጠላልፎ ሊቆጠር አልቻለም። 40 ዲሽ ወደ አውቶክሌቭ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው፦ ላብ ውስጥ የፈረንጅ ቀን፣ የወሩ ስም በፊደል፣ ሰዓቱ በ24 ሰዓት አጻጻፍ። ማሽኖቹም የሪኤጀንቶቹ የማብቂያ ቀንም በዚያ ስለሚሄዱ ነው። የክፍል ፕሮግራማችሁን በኛ ሰዓት ያዙት፣ ግድ የለም። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ግን አታደባልቁ።

ዲሽ ላይ ስትጽፉ ከታች ባለው ክፍል ላይ ጻፉ። ክዳን ይቀያየራል።

ደረጃ 9፦ የራሳችሁን ትንሽ ጥያቄ ያዙ

ሁለት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ጠይቁ። የፒኤችዲ ተማሪዋ ሥራ ውስጥ የምትቆረስ ጥያቄ ትኑር፤ በአንድ ሴሚስተር የምታልቅ፣ ላቡ ባለው ዕቃ የምትሠራ። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችሁም ትሆናለች። «ለካንሰር መድኃኒት መፈለግ» ጥያቄ አይደለም። «ከዚህ ምንጭ የተገኘው ባክቴሪያ ለእነዚህ አራት አንቲባዮቲኮች ምን ይመልሳል?» ጥያቄ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦

ፈቃድ። የሰው ናሙና ካለ ቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቅ አለበት፤ የጓደኛ ምራቅም ቢሆን። የዕፅዋት፣ የዘር ወይም የረቂቅ ተሕዋስ ናሙና ለምርምር ውጭ ሀገር መላክ ካሰባችሁ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። በዘመድ ሻንጣ አይላክም።

ኮንትሮል። ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት ዘዴ) ከሆነ በዲኤንኤ ፈንታ ውሃ ብቻ ያለበት አንድ ቱቦ ሁልጊዜ ይኑር። እሱ ላይ መስመር ከታየ ሌሎቹ ላይ ያያችሁትንም ማመን አትችሉም። «አንድ ቱቦ ልቆጥብ» ብሎ ኮንትሮሉን መተው ሙሉውን ዙር ማባከን ነው።

መብራት። ፒሲአር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መሀል ላይ መብራት ሊሄድ ይችላል። ማሽኑ ዩፒኤስ እንዳለው፣ ጄኔሬተሩ ለየትኛው ሶኬት እንደሚደርስ አስቀድማችሁ እወቁ። መብራት ሲጠፋ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያለውን ፍሪዘር «ደህና ይሆን?» ብላችሁ አትክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ ለሰዓታት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሚያሞቀው መክፈታችሁ ነው። የማን ስልክ ላይ እንደሚደወል በሩ ላይ ካልተለጠፈ እናንተ ለጥፉት።

ሲበላሽ። ይበላሻል። በዚያኑ ቀን ተናገሩ። ብልቃጥ ሰብሮ የተናገረን ተማሪ ያባረረ ላብ አላውቅም። ሰብሮ ዝም ያለን ግን ቁልፍ ሲቀሙት አይቻለሁ፤ ሌሎች ባዶ ብልቃጥ ተማምነው ናሙና አቅልጠው ነበርና።

ስለ ገንዘብ ብዙዎች ያፍራሉ፣ ግን ጠይቁ። ለዲግሪ ተማሪ ክፍያ መኖሩ ያልተለመደ ነው። ትራንስፖርት የሚሸፍን ፕሮጀክት ሊኖር ይችላል። ለሥልጠና ብላችሁ ለማንም አትክፈሉ፣ መጀመሪያ ከዲፓርትመንታችሁ ሳታጣሩ።

ደረጃ 10፦ ስትወጡ

የድጋፍ ደብዳቤ ገና እዚያው እያላችሁ ጠይቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስማችሁ ይረሳል። ስትጠይቁ የሠራችሁትን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ስጡ፦ ስንት ናሙና፣ በየትኛው ዘዴ፣ ከመቼ እስከ መቼ። መምህሩ የሚጽፉት ከዚያ ነው።

ዳታውን ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ፍላሽ ብቻውን አይቆጠርም፣ ቫይረስ ይበላዋል። ዋናው ደብተር የላቡ ነው፣ እናንተ ፎቶውን ያዙ። ፍሪዘር ውስጥ ያለ ሳጥናችሁን ከቴክኒሻኑ ጋር ክፈቱ። የሚጣለውን ጣሉ፣ የሚቀረውን በዝርዝር ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉ፤ ስም፣ ቀን፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ። ጋውናችሁን ወስዳችሁ ለብቻው እጠቡ፣ ከቤት ልብስ ጋር አታደባልቁት። ቁልፉን በእጅ አስረክቡ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ፤ የተረከበው ሰው ይፈርምላችሁ።